ለመኪና የተሰፋ ጫማ

«ብረት ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል። ጎትቶ ያወጣዋል፤ እኛም እንገላገላለን» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የቡና ስኒውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ድምፁ ሹክሹክታ አያውቅም። «ለቅሶ ደራሹ ደጅ ቆሞ ሞተር የሌለው መኪና ጣሪያ ሥር ይንደላቀቅ? ነውር ነው፣ እቴ!» የግራጫ ኮቱ መካከለኛ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ፣ በተናገረ ቁጥር ይወዛወዛል።

የሟቹ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷን እንደደፋች «እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ» አለች።

የተስማማችው ወድዳ አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት፣ ባሏ ከቤት በወጣበት የመጨረሻ ጠዋት፣ «ወይ መኪናው ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ!» ብላ ጮኻበታለች። እሱም ተቀጥሮ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄደ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላም ልቡ ቆመ። በቁጣ የወጣ ቃል ተናጋሪውን ቆይቶ ይዳኘዋል። መኪናው ቢወጣ ፍርዱ የሚጸናባት፣ ቢቀር ደግሞ ያን ቃሏን በልታ ሟቹን የምትዋሸው መሰላት።

በሩ ሥር ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሁሉም ‹ጫማ ሰፊው› ይለዋል። መካኒክ አልነበረም እንዴ?»

«መካኒክ ነው እንጂ! ለመኪና ጫማ ይሰፋ ነበር አሉ።»

«ለመኪና? ለራሱስ ነበረው?»

«አንድ ጥንድ። እሱንም በሽቦ ጠግኖት።»

ልብስ ሰፊዋ ፈገግታ እንዳያመልጣት አፏን በመሐረቧ ያዘች። ስሙን ያወጣችለት እርሷ ነበረችና።

ከቤቱ ጎን የተለጠፈው ጋራዥ አንድ መኪናና በግራ በቀኙ አንዳንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ ሰውየውም ካልወፈረ ነው። መኪናን ወደ ጎን የሚያስኬድ መሪ ደግሞ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ባሏ ከአሮጌ በር አራት ጣውላ ቆረጠ፤ ከእያንዳንዱ ሥር በየአቅጣጫው የሚዞሩ አራት ትናንሽ ባለ ጎማ እግሮች ገጠመ፤ የመኪናው ጎማ እንዳያመልጥም ከላይ ግራና ቀኝ ብረት በቡሎን አሰረ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በአራቱ ላይ ሲያርፍ ወደ ጎንም ይሄዳል፤ ነገሩ ይህ ነበር። የመጀመሪያዎቹን እግሮች የነቀለው ከተሰባበሩ የቢሮ ወንበሮች ነው። መኪናው ባረፈባቸው ቅጽበት እንደ ብስኩት ተፈረካከሱ።

«እነዚህ የለመዱት ጸሐፊ መሸከም ነው!» ብላ ሳቀችበት።

«በነጻ የተገኘ ስህተት ጥሩ አስተማሪ ነው» አለና፣ ከተጣሉ የሆስፒታል አልጋዎች ሌሎች ለቅሞ መጣ።

«ሰው ለሚስቱ ጫማ ይገዛል፤ አንተ ለመኪና ትሰፋለህ!»

ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸደቀ።

ዓመታት ሲያልፉ ዐይኗ ደከመ። እሱ ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አምስት መርፌ ላይ ክር አግብቶ የመርፌ ትራሷ ላይ ይሰካላታል። ሊፋቅ ያልቻለው የጣቶቹ ግሪስ የክሩን ጫፍ ያጠቁረዋል።

«የምሰፋው የሰው ልብስ ነው እኮ፣ የሞተር አይደለም!»

«ጫፉን ቁረጪና እኔን ተዪኝ።»

በየማለዳው ትቆርጠዋለች፤ በየማለዳውም ትቆጣለች። ብርሃን የሚገባበት መስኮት ያለው ግን ጋራዡ ውስጥ ነው፤ መኪናው ደግሞ እሱን ጋርዶ ቆሟል። ማሽኔን እዚያ አስገባልኝ እያለች አንድ ዓመት ሙሉ ለመነችው። እሱ «ቆይ» ይላታል፤ ከሥራ ሲመለስም ያንኑ የመኪና ጫማ ለመነካካት ጋራዥ ይገባል። ያ የመጨረሻ ጠዋት የመጣው እንዲህ ነው።

ዝናብ ጣለ። ደጅ የነበሩት እየተጋፉ ወደ ጋራዡ በር ተጠጉ።

ሹፌሩ ኮቱን ሰብስቦ «ኑ፣ አሁኑኑ ገፍተን እናውጣው!» አለ። ከሦስት ሰዎች ጋር ከኋላ ገፋ። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

የሟቹ ወዳጅ ጎሚስታው ጥግ ይዞ ሲመለከት ቆይቶ «ወደፊት ለምን? ወደ ጎን እንጂ» አለ። «እንዳይንሸራተት ታኮ ተደርጎበታል፤ የምታነሣው እሷ ትሁን፤ ልማዱን ታውቃለች።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ገባች። ባሏ ሲያደርግ እንዳየችው፣ ከትናንሾቹ እግሮች ሥር አራቱን የእንጨት ታኮዎች አንድ በአንድ በእግሯ መታ መታ አድርጋ አወጣች። ከዚያም በመስኮቱና በመኪናው መካከል በጎኗ ገብታ፣ አንድ መዳፏን በሩ ላይ አሳርፋ ገፋ አደረገችው። መኪናው ያለ ድምፅ ወደ ጎን ሄደ፤ ከወዲያኛው ግድግዳ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ። በጠመኔ የተሣለ አራት ማዕዘን ታየ፤ ውስጡ በመካኒክ ወልጋዳ ጽሑፍ «ማሽን» ይላል። ከፊቱ ሌላ ትንሽ አራት ማዕዘን አለ።

«እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው» አለ ጎሚስታው። «የቀኝ የፊተኛው እግር አልዞር ብሎት ነበር የቆየው። እሑድ ሊያስገባልሽ ነበር።»

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በስንዝር ለካ። «ወንድሜ ተሳስቷል፣ እቴ። መደገፊያ ያለው ወንበርሽ እዚህ አይገባም።»

ትንሹን አራት ማዕዘን አየችው። የሱ በርጩማ ልክ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አረፍ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ መቀመጫ ሲለካ ሌላ ምን ያስባል? ሳቀች። ለቅሶ ደራሾቹ ደነገጡ፤ እርሷ ግን እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ብረት ገዢውን ይመልሱልኝ።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«‹ወይ መኪናው ወይ እኔ› ብዬው ነበር። እሱ ሁለታችንንም አስገባን።»

ሹፌሩ ወጣ፤ ማሽኑንና በርጩማውን ከጎሚስታው ጋር ተሸክሞ መጣ። ሰዉ ከዝናቡ ሸሽቶ በመኪናው ፊትና ኋላ ሲጠጋጋ እርሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የመርፌ ትራሷ ላይ ከዚያ ጠዋት የተረፈ አንድ መርፌ፣ ነጭ ክሩን እንደያዘ ተሰክቷል።

«ኮትዎን ያምጡ፤ ቁልፉ ሳይጠፋ» አለችው።

አወለቀና ሰጣት። እንደ ልማዷ መቀሱን አነሣች፤ የጠቆረውን የክር ጫፍ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ አየችው። መቀሱን መልሳ አስቀመጠች፤ ጫፉን ሳትቆርጥ ቋጠረችውና መስፋት ጀመረች።