ዋስ ጥሪ

ከመንደሩ ጣሪያዎች በላይ የሚያልፈውን ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀሙበት ወፎች ብቻ ነበሩ። ጧት ጧት ተደርድረው ይቀመጡበታል፤ ከታች ያለውን ሰው ቁልቁል እያዩ፣ ባለ መብራቶቹ እኛ ነን የሚሉ ይመስል ክንፋቸውን ያፍታታሉ። ሽቦው ከማዶ ተራራ መጥቶ ወደ ማዶ ተራራ ይሄዳል። ከአልዩ አምባ ወረድ ብላ ለተቀመጠችው ለዚህች መንደር ግን ጥላውን እንኳ በወጉ አይጥልላትም።

ምስራቅ ከመኪናው ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ቀጥላ ያየችው ሰው ሁሉ ጃኬቷ ላይ ማፍጠጡን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ እስከ አንኮበር ድረስ ጉም ሆኖ ሸኝቷት ነበር፤ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላት።

«ብርዱን ተሸክመሽ መጣሽልን ልጄ?» አለቻት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመች፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት የቀረ ሴት። «ወዲህ በይው፣ ልስቀልልሽ። አትስጊ፣ ማንም አይሰርቅሽም። በዚህ ሙቀት ማን ሊለብሰው።»

ረሒማ ነበረች፤ የወፍጮው ባለቤት። ምስራቅ እሺ እትዬ ብላ ጃኬቷን አወለቀችና ሰጠቻት፤ ረሒማም ወፍጮው አጠገብ ካለ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ ወፍጮው በሳምንት አንድ ቀን ከጮኸ ትልቅ ነገር ነው። በቀረው ጊዜ የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ያንን ሁሉ ዳገት ወደ አንኮበር ይወጣሉ። የዛሬው ስብሰባም የተጠራው እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በሚጥለው ጥላ ሥር ነው።

ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። መንደሯ ውስጥ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው፤ ማታ መብራት የሚሰጥ፣ ቀን ወፍጮ የሚያዞር። የቀረው የሰዉ እሺታ ብቻ ነው። ምስራቅ የታዳሽ ኃይል ፖሊሲ ተንታኝ ናት። እናቷ ይህንን ለጎረቤት ማስረዳት ቢያቅታት «ስለ መብራት ነው የምትሠራው» ብላ ታልፈዋለች፤ ስለዚህም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ የሚያኮርፈው ምስራቅን ነው። ሥራዋ ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ ኃይል ማግኘት እንዳለበት አጥንቶ መመሪያ ማርቀቅ ነው። በረቂቁ ውስጥ ራሷ ቢሮዋ ቁጭ ብላ፣ ጋቢ ደርባ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ የፀሐይ ኃይል ያገኙ መንደሮች ዋናው መስመር ሲዘረጋ ወረፋቸው መጨረሻ ላይ ይሁን ይላል። ስትጽፈው ፍትሕ መስሏት ነበር። አንዱ ሁለቴ ሲጎርስ ሌላው ጦሙን እንዳያድር።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ አለቃዋ አቶ ቴዎፍሎስ ስለዚሁ ዓረፍተ ነገር መክሯት ነበር። ካልጠየቁ አታንሺው፤ ከጠየቁ «እየተጠና ነው» በያቸው። ዛሬ እሺ ካላሉ ማመንጫው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል። ቴዎፍሎስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መንደሯ መብራት ብታገኝ ከልቡ ደስ ይለዋል። «እየተጠና ነው» የምትለዋን ቃል ግን፣ ልክ እንደ ኮፍያው፣ ሳይይዛት ከቤት አይወጣም።

ስብሰባው በዱዓ ተከፈተ። ቴዎፍሎስ ተናገረ። ሴቶቹ ወፍጮ ያዞራል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ያዞራል ተባሉ። ፈገግታ ካንዷ ወደ ሌላዋ ተሻገረና ነገሩ ያለቀ መሰለ። ይኼኔ ከሽማግሌዎቹ መካከል ሼህ ኢስሀቅ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ፣ ወደ ሽቦው ቀሰሩ።

«ይቺ ላም አለኝ በሰማይ ናት» አሉ። «ወተቷን ባናይም ላማችን ናት። ፀሐዩን ብንቀበል እሷን ተነጠቅን ማለት ነው?»

ቴዎፍሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። ምስራቅ ግን ሰዉን ታይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያንሾካሹካሉ። ምን እንደሚባባሉ መስማት አላስፈለጋትም፤ የሷን ዓረፍተ ነገር ሳያነቡት እየፈቱት ነው። ያ ዓረፍተ ነገር እንደተጻፈ ከጸደቀ፣ ብልህ መንደር ማለት ፀሐዩን እምቢ ብሎ፣ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ወረፋውን የሚጠብቅ ነው። ብርሃን የምታከፋፍል መስሏት ጨለማን የሚያስመርጥ ነገር ጽፋለች። ቢሮ ውስጥ መንደሮቹ ቁጥር ነበሩ፤ ቁጥር ደግሞ አያንሾካሹክም።

«እየተጠና ነው» ብትል ሁሉም በሰላም ያልቃል። ወፍጮውም ይዞራል። ውሸት ነው እንኳ የሚላት አይኖርም።

ተነሳች።

«አሁን ባለው ረቂቅ ከሆነ፣ አዎ» አለች። «ጅራት ላይ ትሆናላችሁ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስህተት መሆኑ የታየኝ ግን አሁን፣ እናንተን ሳይ ነው።»

ቆርቆሮው በሙቀት ሲንቋቋ ተሰማ። ከኋላ አንዱ ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ አላት፤ ሌላው ልብሱን አራግፎ ለመሄድ ተነሳ። ቴዎፍሎስ ኮፍያውን አወለቀ፣ አየው፣ መልሶ አደረገው። ምስራቅ ቀጠለች። ዋናውን መስመር እኔ አመጣላችኋለሁ አላለችም፤ እንዲያውም እንዲህ ብሎ የሚምልላቸው ቢመጣ እንዳያምኑት ነገረቻቸው። የምትችለው አንድ ነገር ነው። ረቂቁ ሳይጸድቅ ዓረፍተ ነገሩ እንዲቀየር ትሟገታለች፤ ቢሳካም ባይሳካም የአረፋ በዓል ሳይደርስ፣ ማመንጫውም ሳይተከል፣ ተመልሳ እዚሁ ቆማ ትነግራቸዋለች። ያኔ እምቢ ማለት የፈለገ እምቢ ይላል።

ሼህ ኢስሀቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። ደግ ወሬ የያዘ ሹም መመለሱ እንደማይቀር፣ ክፉ ወሬ የያዘው ግን ሁልጊዜ መንገዱ እንደሚጠፋው ተናገሩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ዋስ ጥሪ» አሉ።

ቴዎፍሎስ እኔ አለሁ ለማለት እጁን አነሳ። ባንድ መኪና የመጣ፣ ባንድ መኪና ለመጣ ዋስ አይሆንም ተባለና እጁን ሰበሰበ። ዋስ የሚሆነው የአገሩ ሰው ነው፤ የሚያጣው ነገር ያለው፣ ባለ ቃሏ ብትቀር በሷ ፈንታ አንገቱን የሚደፋ። ምስራቅ ዙሪያዋን አየች። እዚህ መንደር የምታውቀው ሰው የለም። ዲግሪ አላት፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ላፕቶፕም ይዛለች፤ ዋስ ግን የላትም። ሰው ፊት እንዲህ ራቁቷን የቀረች መስሏት አያውቅም። ጃኬቱን ማውለቋ ቆጫት።

የተነሳው ሰውዬ ከዘራውን አነሳ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ በር መጣ።

ሁሉም ዞሮ ረሒማን አያት። ታውቂያታለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ከየት ታውቃታለች፤ ጃኬቷን ነው የምታውቀው።

«እስከ ዛሬ የመጣው ሁሉ እሺ እሺ ሲለን ነው የኖረው» አለች። «ክፉውን ፊት ለፊት የነገረችን ይቺ ናት። ከቀረች ወፍጮዬን ያዙ፤ ዓመት ሙሉ ለመንደሩ በነፃ ይፍጭ። ናፍጣውን ግን ራሳችሁ ፈልጉ።» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ወደ ምስራቅ ዞረች። «አንቺም እንዳታዋርጂኝ። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ሰምተሻል አይደል?»

ምስራቅ መስማቷን በአንገቷ ገለጸች። ሼህ ኢስሀቅ ምስክር ጠርተው ዱዓ አደረጉ። ለመሄድ የተነሳው ሰውዬ ተመልሶ ተቀመጠ። መንደሯ እሺ አለች።

መኪናው ዳገቱን እየተነጫነጨ ወጣ። አንኮበር ሲቃረቡ ጉሙ ጀመረ፣ ምስራቅም ጃኬቷን ለበሰች። ጃኬቱ ከምስማሩ ላይ ዱቄት ጠግቦ ነበር፤ እጅጌው ነጭ ሆኗል። አላራገፈችውም።

«ያቺን ሴትዮ ወፍጮዋን አሳጣሻት» አለ ቴዎፍሎስ፣ መሪውን እንደጨበጠ።

ረቂቁ ነገ እንደሚገባ፣ እላይ ያሉት ሰዎች ተቀየረ ሲባሉ ምን እንደሚሏት፣ እሱንም ምን እንደሚሉት አንድ በአንድ ነገራት። ሲጨርስ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ከገደሉ ሥር፣ ከጉሙ በታች፣ ቱክ ቱክ የሚል የወፍጮ ድምፅ መጣ። ረሒማ ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻትን ናፍጣ ጨምራበት መሆን አለበት።

ምስራቅ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተችና ያንን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። ባዶው ቦታ ትንሽ አስፈራት። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች።

ቴዎፍሎስ ሁለት ሦስት ኩርባ አለፈ። ቀጥሎ ኮፍያውን አውልቆ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው።

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለ። «ነገ እነሱ የሚሉሽን ዛሬ እኔ ልበልሽ።»

ምስራቅ ከእጅጌዋ የላፕቶፑ ፊደሎች ላይ የረገፈውን ዱቄት እፍ አለችና ማንበብ ጀመረች። ወፍጮው ከታች አሁንም ይሰማል።