አሥራ ስምንተኛው ጁዝ

«ሃያ ዘጠኝ አለ» አለ ሙሰዕብ ሳጥኑን እየደባበሰ። «የጎደለውን ከገበያ በተገዛው እንሙላ።»

ይህን ሲል እህቱን አላያትም። ለቀስተኛው ግን አያት። መብሩካ የቡና ቅጠል ሻይ፣ የቁጢውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ጓዳው ደፍ ላይ አንገቷን ደፋች። አባታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ቁርኣኑን በእጃቸው የጻፉት ሰባተኛ አያታቸው ናቸው። ሠላሳ ጁዝ፣ ሠላሳ ትንንሽ ጥራዝ ሆኖ ባንድ ሳጥን ይቀመጣል። ጁገል ግንብ ውስጥ ባለው በዚህ ቤት ሰው ሲሞት ጥራዞቹ ለሠላሳ ሰው ይታደላሉ፤ ሁሉም የደረሰውን አንብቦ፣ ቀርቶ እስኪመልስ ለሟቹ ዱዓ አይደረግም። የቤቱ ልጅ ሁሉ መቅራት የሚማረውም በእነዚሁ ነው፤ አያቶቹ ጣታቸውን ባሳረፉበት ጣቱን አሳርፎ። ከመብሩካ በቀር፤ እሷ ከገበያ በተገዛ ቁርኣን ተማረች።

ዐሥር ዓመቷ ላይ አያቷ ሞቱ። ሳጥኑ ሲከፈት አሥራ ስምንተኛው ጁዝ የለም። በዚያው ሰሞን ሳጥኑን ስትወለውል የታየችው እሷ ነበረች። አባቷ በሰው ሁሉ ፊት «ወላሂ፣ ከዚህች ልጅ በቀር የነካው የለም» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳጥኑን አልነካችም። ሊያጯት የመጡ ሰዎችም ወሬውን ሰምተው በዚያው ቀሩ። አባቷ አልጋ ሲይዙ ሦስት ዓመት ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷው ናት። በመጨረሻው ሳምንት ሳጥኑ ያለበትን የራስጌያቸውን አቧራ ልትጠርግ ስትል ዓይናቸውን ገልጠው «ሳጥኑን አትንኪ» አሏት። ሌላ ቃል ሳይናገሯት ሞቱ። መቼም አባት ለልጁ የሚተወው ስንቅ ይለያያል።

ቁርኣኑ ከመታደሉ በፊት መጽሐፍ ጠራዡ አው ዐብዱልቃዲር መጡ። ወንድምና እህቱን ወደ ግቢው ጠርተው ከጨርቅ ውስጥ አንድ ጥራዝ አወጡ።

«አማና ነበር፣ አደራ» አሉ። «ስፌቱ ላልቶ አባታችሁ እንዳጠብቀው ሰጡኝና ረሱት። ከማሉ በሳምንቱ አልቋል ልል ብሄድ ፊታቸው አመድ መሰለ። ‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ካልጠየቅኩህ አንተው ጋ ይቀመጥ› አሉኝ። ሳይጠይቁኝ ሞቱ።»

«እርስዎስ?» አለች መብሩካ። «በየሳምንቱ መንገድ ላይ ያገኙኝ አልነበረም?»

«አገኝሽ ነበር፣ ልጄ።» ጥራዙን እጇ ላይ አኖሩ።

ሽማግሌው ሲሄዱ ሙሰዕብ ጥራዙን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«ለሰዉ ንገርልኝ» አለችው። «አሁን፣ ሁሉም ባለበት።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ። አባቴ በሐሰት ምሎ ሞተ ልበል? ደብቀሽው ነበር፣ ዛሬ አወጣሽው እላለሁ፤ አለቀ። አንቺ እንደሆንሽ ለምደሽዋል።»

ገብቶም እንዳለው ተናገረ። አክስታቸው ሚስኪ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። «አፉ፣ ይቅር ብለንሻል፤ ልጅነት ነው» አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። መብሩካ «አልደበቅኩም» ልትል አፏን ስትከፍት ሰዉ የየድርሻውን መቅራት ጀምሮ ነበር። ቁርኣን ሲቀራ ማን ያቋርጣል።

ደፉ ላይ ተቀመጠችና ጥራዙን ገለጠች። ቀለሙ ወይቧል። ከኅዳጉ አጠገብ በብዙ ጣት የደበዘዘ ቦታ አለ፤ የአባቷም ጣት እዚያ አርፎ ያውቃል። የራሷን አሳርፋበት ቀራች። አባቷን ጠላቻቸው፤ ናፈቋትም። የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

ጥራዞቹ አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። ሃያ ዘጠኙም ገቡ። ሙሰዕብ ለአባቱ ምሕረት ሊለምን መዳፎቹን ዘረጋ፤ ለቀስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ደፉ ዞሮ ጠበቀ።

መብሩካ የመጨረሻውን መስመር ጨረሰች። ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ቅጠሎቹን ቀስ አድርጋ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችና እንደገና ከቢስሚላህ ጀመረች።