አባቷ የገመቷቸው ቃላት

የኮምፒውተር ደህንነት ክበባችን በየዓመቱ ለጀማሪዎች በሩን ሲከፍት ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው የፍቅረኛውን ስልክ መጥለፍ የሚመኝ ነው፤ ሌላው ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ፎቶ ተነስቶ ለሰው ማሳየት የሚፈልግ። ትእዛዝ በእጅ መጻፍ ስንጀምር የሁለቱም ድራሻቸው ይጠፋል። ዘንድሮ ግን ከጀማሪዎቹ መሃል አንድ ሽበታም የጭነት መኪና ሾፌር ተቀመጡ።

ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው ነበር የመጡት። ገና ሲፈቱት ሁላችንም አወቅነው። ክዳኑ ላይ የክበባችን ምልክት ተለጥፎበታል፤ ጥግ ጥጉ በጥፍር ተፍቋል። ሁለት ዓመት አብራን የነበረች፣ ባለፈው ዓመት በአጭር ህመም የሞተች ልጅ ላፕቶፕ ነው። ሾፌሩ አባቷ ናቸው።

«ከመሞቷ በፊት ደውላልኝ ነበር» አሉ። «‹አባዬ፣ ላንተ በድምፄ የቀዳሁት ነገር አለ፣ ስትመጣ ታዳምጠዋለህ› አለችኝ። ረጅም መንገድ ላይ ነበርኩ። ስመጣ ቀብር ነው የጠበቀኝ። ድምጿ እዚህ ውስጥ አለ። ክፈቱልኝ አልልም፤ አስተምሩኝና ራሴ ልክፈተው።»

ሊቀመንበራችን «እንሞክራለን ጋሼ፣ ተስፋ አይቁረጡ» አለ። ገላመጥኩት። ዲስኩ በይለፍ ቃል እንደተቆለፈ ያውቃል፤ አቆላለፉን ያስተማራት ራሱ ነው። ቃሉ ካልታወቀ ውስጡ ያለው ሁሉ የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው፣ በጉልበት የሚሰበር በር አይደለም። ሊቀመንበር ግን ሰው ሲያዝን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ሌላ ቀን እንዲያዝን ይቀጥረዋል።

ትምህርቱ በክበቡ ኮምፒውተሮች ተጀመረ። በክበባችን ደንብ አስተማሪ የተማሪን ኪቦርድ አይነካም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአፉ ብቻ ይመራል። ሾፌሩ የደረሱት ለእኔ ነው። መሪ የለመደው ወፍራም ጣታቸው ሁለት ፊደል በአንዴ ይጫናል፤ እኔም እጄን አጣምሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። የት እንዳሉ የሚጠይቁበትን ትእዛዝ አስተማርኳቸው፣ ቀጥሎ በዙሪያቸው ያለውን ፋይል የሚያዩበትን፣ ከዚያ ከፎልደር ወደ ፎልደር የሚሄዱበትን። ማሽኑ «ትእዛዙ አልተገኘም» ሲላቸው «ይቅርታ» ይሉታል። ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

«እንደ መንገድ ነው በይኛ» አሉኝ አንድ ቀን። «የት እንዳለሽ ሳታውቂ መሪ አታዞሪም።»

«ልክ ነው ጋሼ። ግን እዚህ የኋላ ማርሽ የለም። ያጠፉት ፋይል ጠፋ ነው።»

«እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ» አሉ።

ቀጣዩን ትእዛዝ ነገርኳቸው።

ከዚያ የይለፍ ቃል ትምህርት ተራ ደረሰ። ይህን ሊቀመንበር ለማንም አይሰጥም፤ በየዓመቱ ራሱ፣ ያንኑ ንግግር፣ በዚያው ኩራት ያቀርበዋል። «የልደት ቀን አይሆንም! የእናት ስም አይሆንም!» አለ በክፍሉ እየተንጎራደደ። «ጥሩ የይለፍ ቃል ማለት የወለደህ አባት ዕድሜ ልኩን ቁጭ ብሎ ቢያስብ የማይገምተው ነው!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዓይኑ ሾፌሩ ላይ ሲያርፍ ነው የገባው።

«እሷንም እንዲህ ብለህ ነው ያስተማርካት?» አሉ ሾፌሩ፣ ያለ ቁጣ።

«አዎ ጋሼ።»

«ትምህርት ይገባት ነበር?»

«ከሁላችንም በላይ።»

ሌላ አልጠየቁም። እኔ ግን ትምህርቱ እንዳለቀ ኮሪደር ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኳቸው። ያለው አማራጭ መገመት ብቻ ነው። ቃላት በፋይል ይጽፋሉ፣ እኔ በማሳያቸው አጭር ፕሮግራም ማሽኑ አንድ በአንድ ይሞክራቸዋል። «እሷ የምትወደውን ይጻፉ» አልኳቸው፤ «የምትዘፍነውን፣ የምትስቅበትን፣ የምትፈራውን። የሚያውቁትን ሁሉ።»

የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው በራ። «ይህንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አባቷ አይደለሁ እንዴ!»

በቀጣዩ ትምህርት ፋይሉን ራሳቸው ጽፈው መጡ። ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል፣ ዳቦና ፔርሙዝ ይዘዋል። «እስኪጨርስ ያድር ይሆናል ብዬ ነው፤ ለጥበቃውም ነግሬዋለሁ» አሉ። የልጃቸውን ዲስክ ከክበቡ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው፣ ትእዛዙን ፊደል በፊደል፣ ያለ አንድ ስህተት ጽፈው ማስጀመሪያውን ተጫኑ። ጃኬታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉ። ሻይ ቀዱ። ገና ሳይቀምሱት ማሽኑ ቆመ።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

«ጨረሰ። የጻፉትን ሁሉ ሞከረው፣ አልከፈተም።»

አላመኑኝም። ፋይሉን ከፍተው አዩት። የስክሪኑን ግማሽ እንኳ አልሞላም። የእሷ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷ፣ በልጅነቷ የምታቅፋት አሻንጉሊት። ከአሻንጉሊቷ በታች ያለው በሙሉ የእሳቸው ነበር፤ የመኪናቸው ታርጋ፣ የሚያድሩባቸው ከተሞች፣ ከየመንገዱ ያመጡላት ስጦታ።

«ይኸው ነው?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ አላወቅንም። «ልጄን የማውቃት ይችን ታህል ነው?»

ሊቀመንበር «ቁጥር ጨምረን ደግሞ…» ብሎ ጀመረ፤ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ወንበራቸውን አዙረው ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ።

«እናንተ አብራችኋት ነበራችሁ። ምን ትወድ ነበር? ንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ።»

ሊቀመንበር እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ስለ ዲስክና ስለ ኔትወርክ ስንከራከር እንውል ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሾፌሩ አሁንም ይጠብቃሉ።

«ሌሊት አትተኛም ነበር» አልኩ በመጨረሻ። «በየትኛውም ሰዓት ብጽፍላት ወዲያው ትመልስልኛለች።»

ጣታቸው ከኪቦርዱ ተነሳ።

«ለምን አትተኛም ነበር?»

ጠይቄያት አላውቅም።