መቀነት ያልታጠቀችው መርከብ

መሸታ ቤቴ ከመርከብ መሥሪያው በር ፊት ለፊት ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ብቻዬን አስተዳድረዋለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅሉን የምቀዳው ደግሞ እኔ ስለሆንኩ በዚህ በላይምሃውስ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የማልሰማው ነገር ጥቂት ነው። የኦባድያ ክራውችን ጉድ ያወቅሁት ግን ብቅል አውጥቶት አይደለም። ሰውየው አይሰክርም ነበር። ሰክሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር።

ክራውች በቴምዝ ዳር ካሉት መርከብ ሠሪዎች ሁሉ የተከበረ ነበር። የባሉጥ ዛፍ ገና ጫካ ውስጥ ቆሞ ሳለ ዞር ዞር ብሎ ያየውና የትኛው ጎባጣ ቅርንጫፍ የመርከብ ጎድን እንደሚሆን ይናገራል። እጁ ወርቅ ነበር፣ ይህን አልክድም። ምላሱ ግን መርዝ ነበር፤ የመርዙን ጽዋ በደንብ የጠጣው ደግሞ ጎረቤቱ ነሕምያ ባግ ነው።

ባግም መርከብ ሠሪ ነው። ከዓመታት በፊት የሠራት አንዲት መርከብ ውሃ ላይ ስትወርድ ተንገዳገደች። ነፋስ ጎኗን ሲነካት ታጋድላለች፣ ለመቃናትም ታመነታለች። የዚህ በሽታ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መርከቧን መልሰው ወደ ደረቅ ይስቧትና ወገቧን ዙሪያውን፣ ውሃው በሚደርስባት ልክ፣ ወፍራም ሳንቃ ይደርቡባታል። ጎኗ ይሰፋል፣ ትረጋለች። እኛ መቀነት ማስታጠቅ እንለዋለን። ፍጥነቷ ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ ሰው አይሞትባትም። ለሠሪዋ ግን ውርደት ነው፤ ገና ስትጀምራት ተሳስተሃል ማለት ነውና።

ባግ ሳያቅማማ አስታጠቃት። በማግስቱ የግቢው በር ላይ የሴት መቀነት ተቸንክሮ አደረ። የቸነከረው ክራውች ነው፤ ራሱ ነው እዚህ ተቀምጦ በኩራት ያወራው። ከዚያ ወዲህ ባግ ቤቴ በገባ ቁጥር ክራውች ካለበት ሆኖ «ነሕምያ፣ እርጉዟ እንዴት ናት? በሰላም ተገላገለች?» ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። አንድ ቀን ደግሞ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ፣ የእኔ መርከብ መቀነት የታጠቀች ዕለት እኔ ቀሚስ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብሎ በሁሉም ፊት ማለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባግ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እግሩን ከቤቴ ነቀለ።

እንግዲህ «ማርጀሪ» የተባለችው መርከብ የመጣችው በዚህ ላይ ነው። ያዘዟት የለንደን ነጋዴዎች ነበሩ። ጎድኖቿ ቆመው ካለቁ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ከኋላዋ ከፍ ያለ ክፍል ይጨመርላት፣ መድፍም ይብዛላት አሉ። የክራውች ልጅ ጆሳያ፣ ከአባቱ ጎን መጥረቢያ ይዞ ያደገው፣ ከላይ ትከብዳለች ብሎ ነበር። ክራውች «እኔ አይቻለኝም» የሚል ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅምና እሺ አላቸው። ጆሳያ የእህቴን ልጅ ታምሲንን ነው ያገባው። ታምሲንን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስናገር ቁጣ ቢሰማብኝ አትፍረዱብኝ።

ማርጀሪ ወደ ውሃ የወረደች ቀን አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የነጋዴዎቹ ሚስቶች በሐር ቀሚስ ላይዋ ላይ ቆመዋል። ሙዚቀኞችን የጫነች ጀልባ ስትመጣ፣ ለማየት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተሰበሰቡ። መርከቧ ዘመም አለች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የበሬ ጥብስ ከነሳህኑ ተንሸራቶ ወደቀ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወደ መሐል ተመለሱ፤ እሷ ግን ወዲያው አልተመለሰችም። ክራውች ሳቅ ብሎ ማርጀሪ ለእንግዶቿ እጅ እየነሳች ነው አለና ሁሉም ሳቁ። እኔ ከዳር ሆኜ ፊቱን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ባግም ከሰው መሐል ቆሞ ነበር። አልሳቀም፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ነጋዴዎቹ ከመርከቧ ጋር የሚሄድ አናጢ ከራሱ ከሠሪው ግቢ እንዲሰጣቸው ተስማምተው ነበር፤ የተመረጠውም ጆሳያ ነው። በዚያው ሰሞን አባትና ልጅ ከጓዳዬ አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀመጡ። ግድግዳው ስስ ነው።

«አባቴ፣ መቀነት ያስፈልጋታል» አለ ጆሳያ። «እኔው ሠራተኞቹን ይዤ እጨርሰዋለሁ። እርስዎ እሺ ይበሉኝ ብቻ።»

«ድንጋይ ነው የሚያስፈልጋት። ሆዷ ውስጥ ድንጋይ ጨምርባት፣ ትረጋለች።»

«ድንጋይ ሲጨመር ዝቅ ትላለች። የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ከውሃው ጋር ሊሳሳሙ ነው።»

«እንግዲያው መስኮቶቹን ዝጋቸው።»

«ካፒቴኑ ክፈት ቢለኝስ?»

«ዝጋ አልኩህ።»

ጆሳያ ቀስ ብሎ «አባቴ፣ እኔ እኮ ነኝ የምሄድባት» አለ።

የክራውችን መልስ እስክሞት አልረሳውም። «ባግ የግቢዬ በር ላይ ምን እንደሚቸነክር ታውቃለህ?» አለው።

ያን ዕለት ማታ ታምሲን ባሏን ለመነችው፤ ሂድና ለነጋዴዎቹ ንገራቸው፣ እነሱ ያስገድዱታል አለችው። እኔም ከእሷ ብሼ ለመንኩት። የቀረበለትን የዓሣ ወጥ እንኳ አልነካም። አባቱን በባለ ገንዘቦች ፊት እንደማያዋርድ፣ ሽማግሌው ከስሙ በቀር በዚህ ዓለም የቀረው ነገር እንደሌለ ነገረን። ጥሩ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሩነት ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ድንጋዩ ተጫነ። ማርጀሪ ወንዙን ይዛ ወረደች። ግሬቭሴንድ ስትደርስ ካፒቴኑ ለከተማው ሰላምታ ሊተኩስ ፈለገ፤ በላይኞቹ መድፎች ብቻ ከሆነ ድምፁ ይሰልላል ብሎ የታችኞቹንም መስኮቶች አስከፈተ። ነፋስ ከጎኗ መጣ። ጋደል አለች፤ ውሃው በተከፈቱት መስኮቶች ገባ፤ ዳግመኛ አልተቃናችም። ዳር ቆሞ ሊሰናበት የመጣ ሰው ሁሉ እያያት ሰጠመች።

ከዳኑት ጥቂቶች አንዱ ፐርኪን የሚባል ወጥ ሠሪ ነው፤ በዶሮ ቆጥ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የወጣው። ቤቴ መጣ። ክራውችም ነበር። ፐርኪን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረው። ጆሳያ መስኮቶቹ እንዳይከፈቱ ካፒቴኑን ለምኖ ነበር፤ አርፈህ ተቀመጥ ተባለ። ውሃው መግባት ሲጀምር ሌላው ሰው ወደ ላይ ሲሮጥ እሱ ወደ ታች ሮጠ። አንዱን መስኮት ዘጋ። ሁለተኛውን ዘጋ። ፐርኪን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያየው ሦስተኛውን በትከሻው እየገፋ ነበር።

ክራውች አለቀሰ። የእውነት እንባ ነበር፤ እኔው ራሴ ጨርቅ ሰጠሁት። ኋላ ያደረገውን ሳስበው፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያ እንባ ነው።

ነጋዴዎቹ ለንደን ላይ ሸንጎ ተቀመጡ፤ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሰው ተጠራ። ካፒቴኑ ከመርከቧ ጋር ሰጥሟል፤ ፐርኪንም በሌላ መርከብ ተቀጥሮ ሄዶ ነበር። እኔ የሰማሁትን ልናገር ሄጄ፣ በረኛው ቢራ ሻጭ አልተጠራችም ብሎ መለሰኝ። ባግ ተጠርቶ ገባ። እኔ ብሆን ኖሮ መቀነት አስታጥቃት ነበር ብሎ መሰከረ። የበሩን ታሪክ የማያውቅ ሰው ግን አልነበረም፤ ቂሙን ሊወጣ ነው ብለው ቃሉን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ከዚያ ክራውችን ጠየቁት። ቆሞ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የታችኞቹ መስኮቶች እንዲዘጉ ለመርከቧ አናጢ በራሱ አፍ እንዳስጠነቀቀው ተናገረ። «አናጢው ልጄ ነበር» አለ። ከዚህ ሌላ አልጨመረም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ አንዲት ቃል ውሸት የለችበትም። ሸንጎው ተነካ። ለገዛ ልጁ እንኳ የማያዳላ ሰው ተብሎ ተመሰገነ፤ ጥፋቱም መስኮት መዝጋት የዘነጋው የአናጢው ነው ተባለ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ላይምሃውስ ደረሰ። ክራውች ቤቴ ገብቶ እንደ ልማዱ ጥጉ ላይ ሲቀመጥ ታምሲን ከጓዳ ወጣች። እንዳትጮህ ፈርቼ ነበር። አልጮኸችም።

«አባቴ» አለችው፣ «ልጅዎ ስለ ስምዎ ሲል አፉን ዘግቶ ሄደ። ነገ ተመልሰው ሸንጎው ፊት "መቀነት እናስታጥቃት ብሎ ለምኖኝ ነበር" ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ብዙ አላሰበም። «ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?» አላት። «እኔ ገና የምሠራቸው መርከቦች አሉ።»

ቢራውን ከፊቱ አነሳሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ በሩን አሳየሁት። ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ደጃፌን አልረገጠም። ግን ምን ጎዳሁት? መርከብ የሚያሠሩት ሰዎች እንደ ቀድሞው ግቢውን አጣበቡት። ወሬኛ ጎረቤቶች ደግሞ ታምሲን ወንዝ ስትወርድ «መስኮት የረሳው ሰው ሚስት» እያሉ ይጠቋቆሙባት ጀመር። አንድ ጧት ጓዟን ጠቅልላ ወደ ኬንት፣ ወደ ሌላዋ አክስቷ ሄደች። አላስቀረኋትም።

ክራውች ሸምግሎ አልጋው ላይ ሞተ። መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ስለሆነ ሳላየው ማለፍ አልችልም። ድንጋዩን በቁሙ ያስጠረበው ራሱ ነው። «ኦባድያ ክራውች፣ መርከብ ሠሪ። ከሠራቸው መርከቦች አንዲቱም መቀነት አልታጠቀችም» ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ይሄ ይሆን? አላውቅም። ጆሳያ አስከሬኑም አልተገኘም፤ ድንጋይም የለውም።

ጽሑፉ ግን አይዋሽም። ማርጀሪ ግሬቭሴንድ ፊት ለፊት ጭቃው ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፤ ወገቧ ላይ ምንም የለም።