የለቅሶ ውሃ

ሀውራ የውሃ ማጠራቀሚያውን ሮቶ ከላይ ወደ ታች በጣቷ አንኳኳችው። ትናንት ደረቷ ጋ ሲደርስ ይወፍር የነበረው ድምፅ ዛሬ ከወገቧ በታች ወርዷል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ከኋላዋ ለዙህር ሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ተራው የደረሰው ሽማግሌ አንድ እግሩን ታጥቦ ከጎኑ ላለው ሰው ስለ በሬ ገበያ ያወራል። ውሃው ይፈሳል።

«አባባ፣ ይዝጉት» አለች።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለና ሁለተኛውን እግሩን አቀረበ።

አባቷ ኑርዬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልቡ ነው አሉ፤ ማሳው ዳር አረፍ እንዳለ በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው ከሐይቅ ከተማ፣ ከአርዲቦ ዳር፣ ከአምባሰል ገጠር ይመጣል። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ናቸው፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ። ምግቡን ጎረቤት በየተራ ያቀርባል፤ ሀዘን ቤት እሳት አይነድም። ውሃ ግን ማንም ይዞ አልመጣም። ሮቶ ያለው ቤት ነዋ።

ወሩ ጥር ነው። በልጉ ገና ነው፤ ቢደርስም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚያምነው የለም። ከግቢው በር ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ ሁለተኛ ሰማይ መስሎ ተዘርግቷል። የሚጠጣው ምንጭ ግን ከገደሉ ሥር ነው፤ ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ተሸክሞ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እናቷ ሲቲ ደግሞ ከእንግዲህ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትርቅም። ሮቶው ውስጥ የቀረው የእናቷ ውሃ ነው። ሀውራ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ሥራዋ ላይ መገኘት አለባት።

ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት። ቱርክ አገር አንካራ ስለ ውሃ ስትማር፣ «ዝናብ ነጻ ነው አባ፣ ጣሪያህ ላይ ወርዶ ዝም ብሎ ይሄዳል» ብላ ደወለች። ከኪሷ ቆጥባም የሮቶውን መግዣ ላከች። የሣር ክዳን ውሃ አያጠራቅምምና ቆርቆሮ ተመታ። ቆርቆሮው አሸንዳ ፈለገ። ሮቶው ሲሞላ መሬቱ ሰጠመበትና የድንጋይ መደብ ተሠራለት፤ ለመደቡ የምትታለበው ላም ተሸጠች። የመጀመሪያው ሮቶ በፀሐይ ተሰነጠቀ፣ ሌላ ተገዛ። ከዚያ በየክረምቱ መግቢያ የጣሪያ ጠረጋ፤ መሰላል፣ መጥረጊያ፣ የወፍ ኩስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከብት ነው» ይላት ነበር በስልክ። «ካልቀለቡት አይታለብም። ላሟስ ብትሆን ጥጃ ትወልድ ነበር።»

አምና ስትመለስ ቧንቧው ላይ ቁልፍ አገኘች። አፈረች። የመንደሩ ሴት በበሩ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስታልፍ አባቷ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሰላምታ ይለዋወጣል። ተጨቃጨቁ። ኑርዬ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። «ያንቺ ትምህርት ውሃው እንዴት እንደሚገባ ነው» አላት። «እንዴት እንደሚወጣ ለኔ ተይው።» ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ስለ ውሃ አንስተው አያውቁም።

ከምሳ በኋላ የአባቷ ወንድም ሀሚዱ ወደ ዳሱ አስጠራት። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ጨርሰዋል። ቧንቧው ከአጥሩ ውጭ ይውጣና በኑርዬ ስም ሰደቃ ጃሪያ ይሁን፤ ሰው እስከጠጣ ድረስ ምንዳው መቃብሩ ድረስ ይደርሰዋል። ሀሚዱ ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ወንድሙን ይወድ ነበር። ያበገናትም ይኸው ነው፤ ከሚወድ ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ?

«ውሃው ሰደቃ ይሁን፣ አያ ሀሚዱ» አለች። «ጣሪያው ላይ ማን ይወጣል?»

«ለዚያ ሰው አይጠፋም።»

«ስሙን ንገሩኝ።»

ሀሚዱ ሙስበሃውን መቁጠር ጀመረ። ከጥግ አንዱ፣ ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ሰደቃውንም በጥናት ነው የሚያወጣው አለ፤ ለቅሶ መሆኑን የረሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ሀውራ ጥላቸው ወጣች።

ቁልፉ የአባቷ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ይዛው ወደ ሮቶው ስትሄድ ጎረቤታቸው ኢንሳፍ ጓሮ ላይ አገኘቻት። ኢንሳፍ ከቁልፉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ለምን ይቆልፍ እንደነበር ነግሮሻል?»

«ስስት ነው እያላችሁ ስታወሩ ሰምቻለሁ።»

«ብለናል። መጀመሪያ ላይ እኔም ብያለሁ።» ኢንሳፍ ሻርፗን አስተካከለች። «እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ ያለ በጋ ነበር። ከመንደሩ ቤት አንድ ጣሳ ውሃ ጠፋ፤ ይሄም ሮቶ ሁሉም ሲቀዳው ከርሞ አልቆ ነበር። ምንጩ ደርቆ ከሩቅ እስኪመጣ ሳትታጠብ ዋለች። ዝንብ እያባረርን። ኑርዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ ቁልፍ ገዛ። ከዚያ ወዲህ እስላምም ይሙት ክርስቲያን፣ ሳይጠሩት በአህያ ጭኖ ይደርሳል። ለሬሳው ማጠቢያ፣ ለለቀስተኛውም። ለዚያ ነበር የሚያስቀምጠው።»

ሀውራ ቁልፉን ጨበጠችው። አባቷ ለምን አልነገራትም? ብትጠይቀው ይነግራት ነበር ወይ? የምትቆጣው ሰው አጣች፤ ቁጣው ግን አልሄደም።

«እና ታዲያ ዛሬ» አለች፣ «ለሱ ውሃ የሚያመጣ ጠፋ?»

ኢንሳፍ መልሱን ከመሬት የምትለቅም ይመስል አቀረቀረች። «ድሮ ለቅሶ ስንመጣ እያንዳንዳችን በጀርባችን ውሃ ይዘን ነበር። እሱ ከጀመረ ወዲህ ተውነው። የለቅሶ ውሃ የኑርዬ ነው አልን። ዛሬም እሱ ያለ መስሎን ነው ባዶ እጃችንን የመጣነው።»

እናቷን ጓዳ ውስጥ አገኘቻት። ሲቲ ቁልፉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በአባትሽ ለቅሶ ውሃ ተቆለፈ ሊባል ነው ወይ፣ ስንቱን ሬሳ ያጠበ ሰው በራሱ ሬሳ ላይ ሊነወር ነው ወይ አለቻት፤ ድምጿን ሳታነሳ።

«አንቺስ?» አለች ሀውራ። «በልጉ ቢቀር ምን ትጠጫለሽ?»

«አንቺ አለሽ አይደል።»

እናቷ ይህን ያለችው ጨው አቀብይኝ እንደምትል ነው። ሀውራ የሚጠብቃትን ሥራ፣ ከሥራውም ወዲያ ማታ ማታ የምታስበውን ሩቅ አገር አንድ ቃል መናገር አቃታት። ቁልፉን መደርደሪያ ላይ ጣለችው።

ለዐስር ሶላት ሲሰለፉ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። የሚወርደው ክር አከለ። ሀሚዱ ማሰሮ ይዞ መጥቶ ቧንቧውን ነካ ነካ አደረገውና ወደ ሀውራ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

ሲቲ ወጣች። ሰልፉን አየች፣ ሮቶውን አየች። የቀረውን ለሽማግሌዎቹ ስጫቸው አለችና ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ሀውራ ተከተለቻት። እናቷ ደረቁ መሬት ላይ በርከክ ብላ ሁለት መዳፏን አፈሩ ላይ መታች፤ ፊቷን አበሰች፣ እጆቿን አበሰች። ውሃ ያጣ መንገደኛ የሚያደርገው ተየሙም ነበር።

«እማ፣ በገዛ ቤትሽ?»

«ለመጠጥ ሲያንስ አፈር ይበቃል።»

እንባዋ በወረደበት መስመር አቧራው ጭቃ ሆኗል። ሀውራ የሻርፗን ጫፍ አንስታ ልትጠርግላት ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት። «ተይው፣ ልስገድበት» አለች።

ሀውራ ወደ ምንጩ ልትወርድ ከጓዳ ጀሪካንና ገመድ አወጣች። ውሃ ከተሸከመች ብዙ ዓመቷ ነው። ገመዱ በትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ፣ ጀሪካኑ ወገቧን መታት፣ አስተካክላው እንደገና ተንሸራተተ። ከዳሱ ውስጥ የሚያዩ ነበሩ፤ የተነሳ የለም። ጥርሷን ነክሳ ሦስተኛ ስትሞክር ሲቲ ከስግደቷ ተነስታ መጣች፤ ግንባሯ ገና አፈር ነው። ገመዱን ፈታችው፣ በልጇ ትከሻና ብብት አዙራ ደረቷ ላይ ቋጠረችው፣ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። ከጠበቀ በኋላም እጇን ከቋጠሮው ላይ አላነሳችም።