ስድስት ሰው፣ አንድ ቡሬት

በዚያ ሴሚስተር አንድ ኤፍ ብጨምር ከዩኒቨርሲቲ መባረሬ ነው። ወድቄ የምደግመው የሒሳብ ሌክቸር ደግሞ ከኬሚስትሪ ላብ ጋር በአንድ ሰዓት ገጠመ። እናቴ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ትላለች፤ የኔ ሁለተኛ ባላ ለታ ሆነ።

ለታ የላብ ግሩፔ ልጅ ነው። እሱ ላብ ይገባል፣ እኔ ሒሳብ። ላብ ውስጥ ስም የሚጠራ የለም። ከክላስ በኋላ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የተሠራውን ሁሉ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ካዛንቺስ ቤቴ ገብቼ ለግሩፑ በሙሉ ሪፖርት እጽፋለሁ። ቡሬት የሚባለውን ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ በጁስ ስትሮው ነው ያስተማረኝ፤ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ብልቃጡን ወዝውዢ፣ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲል ዝጊ። ሪፖርታችን ሁሌ አንደኛ ይወጣል። ኮርቼ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ለመጨረሻው የላብ ፈተና መምህራችን ከሌላ ክፍል ተውሰው ለእያንዳንዳችን ቡሬት አቆሙ። ስትሮው ቧንቧ እንደሌለው ያኔ ገባኝ። ቧንቧውን ሳዞረው እንቢ አለኝ፣ ጠበቅ አድርጌ ሳዞረው ዝርግፍ አለ፤ ብልቃጡ በአንዴ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ደንግጬ ወደ ለታ ዞርኩ።

ለታም እኔን እያየ ነበር። የእሱ ቡሬት ገና አፉ ድረስ ሙሉ ነው።

«ለታ፣ እንዴት ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ ጦቢያ። ነክቼው አላውቅም» አለኝ። «ማለቴ፣ ሜቲ ፈጣን ናት፤ በቃ ሁሌ እሷ ናት የምትሠራው።»

ክው አልኩ። ልጁ አልዋሸኝም፤ አንድም ላብ አልቀረም። ግን ለግሩፓችን ስድስት ሰው የነበረው አንድ ቡሬት ነው። ሜቲ ትሠራለች፣ የቀሩት ከኋላዋ ቆመው የምትጠራውን ቁጥር ይጽፋሉ። ማን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። ቀና ስል የግሩፓችን ልጆች በሙሉ አንገታቸውን ወደ ሜቲ አስግገዋል። እሷ ማንንም ሳታይ ጠብታ በጠብታ ትሠራለች።

መምህሩ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ቧንቧዬ አሁንም ይፈሳል።

«ያን ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ። «እስቲ መጀመሪያ ዝጊው።»

በየት በኩል እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር።