የቆርቆሮው መጋዘን ሬዲዮ

ኢዮስያስ ናይሮቢ ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሮ ከመጣ ወዲህ ጉራው አያድርስ ነበር። ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የካርጎ ድርጅት ባለቤት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከመንገዱ ማዶ ካለው የቆርቆሮ መጋዘን ጋር ያለ ገመድ የሚያገናኝ ሬዲዮ ፈለጉ። የኮምፒውተር ሠራተኛቸውን ኢዮስያስን «ከጋሽ ገሰሰ ጋር ተማክረህ ምረጥ» አሉት። ጋሽ ገሰሰ የድርጅቱ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ በጦር ሠራዊት ሃያ ዓመት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆኑ ውላቸው የሚታደሰው በየዓመቱ ነው።

ሁለት ዓይነት ሬዲዮ ቀረበ። አንደኛው አንቴናው ጣሪያ ላይ የሚተከል፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቆንጆ ሳጥን። ኢዮስያስ ሳጥኑን ወደደ።

«ልጄ፣ ቆርቆሮ ሞገድ አያሳልፍም። አንቴናው ደጅ ይውጣ» አሉት ጋሽ ገሰሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጦር ሜዳ ሬዲዮ አይደለም!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌውም አብረው ፈገግ አሉ።

ሳጥኖቹ ከውጭ ተገዝተው መጡ። በሙከራው ቀን የመጋዘኑ በር ሲከፈት መስመሩ ይመጣል፤ ሲዘጋ ድራሹ ይጠፋል። ኢዮስያስን ላብ አጠመቀው።

«ይሄን የመረጠው ማነው?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

የዚያን ቀን የሳቁት ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ኢዮስያስ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ተማክረን ነው» አለ።

ጋሽ ገሰሰ አዩት። የሰውን ልጅ በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ሆነባቸውና ዝም አሉ።

«እሱስ ልጅ ነው። እርስዎ ግን ሃያ ዓመት ሬዲዮ ይዘው!» አሉ ሴትዮዋ። «ውሉ በዚህ ወር ያበቃል አይደል? እንግዲያው ይብቃን።»

ኢዮስያስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሽማግሌው የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ ተከትሎ ሮጠ፤ አስፋልቱ ዳር ደረሰባቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለና ጎንበስ አለ።

በክንዱ ይዘው ቀና አደረጉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ይቅርታህን እዚህ አስፋልት ላይ ምን ላድርገው፣ ልጄ? እዚያ ውስጥ ነበር የሚያስፈልገኝ። ወይዘሮዋ አሁንም ቢሯቸው ውስጥ ናቸው።»

ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ቆመላቸውና ገቡ። ኢዮስያስ ወደ ቢሮው በር ዞረ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆሞ ቀረ።